ማረጥ

ማረጥ (ሜኖፖዝ) የሴት የወር አበባ ለዘለቄታው የሚቋረጥበት የዕድሜ ምዕራፍ ነው። ያለ እርግዝና፣ ማጥባት ወይም ሌላ ምክንያት የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ከቀረ ሴቲቱ አርጣለች ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይከሰታል። ማረጥ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ከ40 ዓመት በፊት ከመጣ ግን የሐኪም ምርመራ ያስፈልጋል።

መንስኤ

ሴት ስትወለድ በኦቫሪዎቿ ውስጥ የተወሰነ የእንቁላል ክምችት ይኖራል። ክምችቱ በዕድሜ እየተመናመነ ሲሄድ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል። ሁለቱም ኦቫሪዎች በቀዶ ሕክምና ከወጡ ማረጥ ወዲያውኑ ይመጣል። ሲጋራ ማጨስም ያፋጥነዋል።

ምልክቶች

የወር አበባ ከመቆሙ በፊት ለጥቂት ዓመታት ይዛባል። በዚህ ጊዜ ማርገዝ ስለሚቻል እርግዝና የማትፈልግ ሴት መከላከያ መጠቀሟን መቀጠል አለባት። የተለመዱት ምልክቶች ፊትና አንገትን የሚያዳርስ ድንገተኛ ሙቀት፣ የሌሊት ላብ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የስሜት መለዋወጥና የብልት መድረቅ ናቸው። ድንገተኛው ሙቀት የሚመጣው የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል (ሃይፖታላመስ) ለትንሽ የሙቀት ለውጥ እንኳ ስለሚነቃ ነው። ከማረጥ በኋላ አጥንት በፍጥነት ስለሚሳሳ በቀላሉ ሊሰበር ይችላል።

ሕክምናና አያያዝ

ለድንገተኛው ሙቀት ከሁሉ የበለጠ ውጤታማው የሆርሞን ሕክምና ነው። ማሕፀን ላላት ሴት ኤስትሮጅን ብቻውን የማሕፀን ካንሰር አደጋን ስለሚጨምር ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን ይታከልበታል። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ሁለቱን ሆርሞኖች አንድ ላይ መውሰድ የጡት ካንሰርና የስትሮክ አደጋን እንደሚጨምር በማሳየቱ ብዙ ሴቶች ሕክምናውን አቋረጡ። በኋላ የተደረጉ ትንተናዎች ግን ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በታች ለሆነ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው አብዛኞቹ ጤነኛ ሴቶች ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚያመዝን አመለከቱ። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ለገጠማት ሴት አብዛኛውን ጊዜ አይመከርም፤ ሆርሞን ያልሆኑ መድኃኒቶች አሉ።

የእግር ጉዞና ሌላ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ እንደ ወተት፣ ጎመንና ጤፍ ያሉ ካልሲየም ያላቸው ምግቦች እንዲሁም ማጨስን ማቆም አጥንትን ይጠብቃሉ። ስስ ልብስ መደራረብ ድንገተኛው ሙቀት ሲመጣ ለማውለቅ ያመቻል።

ከማረጥ በኋላ የሚታይ ደም

የወር አበባ ከቆመ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚታይ ደም እንደ ወር አበባ መመለስ መቆጠር የለበትም። ብዙ ጊዜ መንስኤው ቀላል ቢሆንም የማሕፀን ወይም የማሕፀን በር ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደሙ ጥቂት ቢሆንም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢታይም፣ ሳይዘገዩ መመርመር ያስፈልጋል። የማሕፀን ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።