የሞርፊን ረዳቶችና እንቅፋቶች

ሞርፊን የተወጋች ትንሽ አይጥ ጅራቷ ወደ ጀርባዋ ተቆልምሞ ይቆማል። ጀርመናዊው የመድኃኒት ተመራማሪ ዋልተር ሽትራውብ ይህን እ.ኤ.አ. በ1911 ስለመዘገበ ምልክቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ቆየት ብላም በሣጥኗ ውስጥ ያለ ዕረፍት ትሮጣለች። ሰውን የሚያፈዝ መድኃኒት እሷን የሚያስሮጣት በአንጎሏ ውስጥ ዶፓሚን ስለሚያስለቅቅ ነው፤ የዶፓሚንን ተቀባይ የሚዘጋው ሃሎፔሪዶል ቀድሞ ከተሰጣት ሩጫው ይገታል።

ዶፓሚን፣ ኖርአድሬናሊንና ሴሮቶኒን በአንድነት ሞኖአሚን ይባላሉ። ሞርፊን ሕመምን ሲያስታግስም የእነሱ እጅ እንዳለበት ያሳየው ቀደምት ሙከራ በ1954 ወጣ። ሽናይደር የተባለ ተመራማሪ ለደም ግፊት ይታዘዝ የነበረውን ሬሰርፒን ለአይጦች ሰጠ። ሬሰርፒን የሞኖአሚን ክምችትን ያሟጥጣል። ሞርፊኑም እሱ የሚያርፍበት ተቀባይም እያሉ የማስታገስ ኃይሉ ደከመ። ምክንያቱ ኋላ ላይ ግልጽ ሆነ፤ ሞርፊን መካከለኛውን አንጎል ሲነካ፣ ከዚያ ወደ ህብለ ሰረሰር የሚወርዱ ነርቮች ኖርአድሬናሊንና ሴሮቶኒን እየለቀቁ ወደ ላይ የሚመጣውን የሕመም መልእክት ያፍናሉ።

ከሁለቱ ኖርአድሬናሊን ይበልጥ የሚታመን ይመስለኛል። አልፋ-2 በተባለው ተቀባይ በኩል ሕመምን በተደጋጋሚ ሲቀንስ ታይቷል። ይህንኑ ተቀባይ የሚያነቃው ክሎኒዲንም ከ1978 ጀምሮ ከኦፒዮይድ (ሞርፊንና መሰሎቹ) ሱስ ለሚላቀቁ ሰዎች ስቃይ ማቅለያ ሆኗል። ሴሮቶኒን ግን እንደሚያርፍበት ተቀባይ ሕመምን ሊያበርድም ሊያባብስም ይችላል። ሞኖአሚንን የሚሰብረውን ኤንዛይም ከሚያግዱ መድኃኒቶች ጋር ፔቲዲን የተባለው ኦፒዮይድ ሲደባለቅ ደግሞ ሴሮቶኒን ከልክ አልፎ ሊገድል ይችላል። ይህ በ1960ዎቹ መጨረሻ በአይጦች ላይ ተፈትሿል፤ በሰውም ላይ ደርሷል።

እስራኤል ውስጥ ሻዑል ሽራይበርና ሐይም ፒክ ጥያቄውን ገልብጠው ጠየቁ፤ የድባቴ መድኃኒትስ በኦፒዮይድ መንገድ ይሠራ ይሆን? በ1999 ባወጡት ጥናት የድባቴ መድኃኒቱ ቬንላፋክሲን የአይጦችን ሕመም ቀነሰ። የኦፒዮይድ ማርከሻ የሆነው ናሎክሶን ሲጨመር ግን ውጤቱ ተዳከመ። በሚርታዛፒንም ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ለእኔ ከዘርፉ ሥራዎች ሁሉ አሳማኙ ይህ ነው፤ ሁለቱ ሥርዓቶች ከሁለቱም አቅጣጫ እንደሚገናኙ አሳይቷልና።

ይህ ነገር ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የአሽቀሎን ሰፈር ወደሆነው ሚግዳል የሚገባው በሕመም ማስታገሻው ትራማዶል በኩል ነው፤ እስራኤል ውስጥ ትራማዴክስ በሚል ስምም ይሸጣል። ለጉልበታቸው ወይም ለወገባቸው ትራማዴክስ የታዘዘላቸው የአሽቀሎን አባትና እናት በአንድ እንክብል ሁለት ሥራ ይውጣሉ። መድኃኒቱ ራሱ የሴሮቶኒንንና የኖርአድሬናሊንን ወደ ነርቭ መመለስ ያግዳል፤ ኦፒዮይዳዊ ኃይሉ ግን በአብዛኛው የሚገኘው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ የጉበት ኤንዛይም ሲለውጠው ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ የኛን ሰው በቀጥታ ይነካል። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር በ1996 ባሳተመችው ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህን ኤንዛይም ዘረመል ተደጋጋሚ ቅጂ ይዘው ተገኙ። እንዲህ ያለ ሰው ትራማዶልን በፍጥነት ወደ ብርቱ ኦፒዮይድ፣ ኮዴይንንም ወደ ሞርፊን ይለውጣል፤ ለሌላው የሚስማማ መጠን ለእሱ ሊበዛ፣ ትንፋሹንም ሊያዳክም ይችላል። በአንጻሩ የድባቴ መድኃኒቶቹን ፍሉኦክሰቲን ወይም ፓሮክሰቲን የሚወስድ ሰው ኤንዛይሙ ይታገድበታል። ያኔ ማስታገሻው ይደክማል፤ ሴሮቶኒኑ ግን ይከማቻል። መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ ላብና መቃዠት የሚመጡት ከዚህ ነው።

ጫትም ከዚህ አይርቅም። በውስጡ ያለው ካቲኖን እንደ አምፌታሚን ዶፓሚንንና ኖርአድሬናሊንን ያስለቅቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኢያሱ መኮንን ከባልደረቦቹ ጋር በ2000 ባሳተመው ጥናት የጫት ጭማቂ የአይጦችን ሕመም እንደሚያስታግስ ታይቷል። እስራኤል ውስጥ ቅጠሉ አልተከለከለም። በ2003 እና 2004 አካባቢ «ሐጊጋት» እየተባለ በየኪዮስኩ የተሸጠው የካቲኖን እንክብል ግን ሰዎችን በደረት ሕመምና በብርቱ ራስ ምታት ሆስፒታል አስገብቶ ታግዷል። ትራማዶል ብቻውን እንኳ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንዘፍዘፍ ሊያስነሳ ይችላል፤ አነቃቂ ሲጨመርበት አደጋው ይከፋል። የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) ፋርማሲስት «ሌላስ ምን ይወስዳሉ?» ብሎ ሲጠይቅ ጫቱም አብሮ ሊነገረው ይገባል።