ስልኳ “ተፈትተሻል” አላት!

እንዲህ ያለ ጉድ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። አንዲት ወዳጄ ባለፈው ወር ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ቤቴ መጣች። ባሏ ዱባይ ነው የሚሠራው። በብር ጉዳይ በስልክ ሲጨቃጨቁ ሰውዬው ገንፍሎ ባንድ ትንፋሽ ሦስቴ “ፈትቼሻለሁ” ይልና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዘጋዋል። በማግስቱ ደግሞ “ይቅር በይኝ፣ ሸይጧን አሳስቶኝ ነው” አለ። የሁለት ልጆች እናት ናት።

ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሼኽ ዘንድ መሄዱ አሳፈራትና ስልኳ ላይ ላለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጻፈችለት። “ፍቺው ጸንቷል፣ ሌላ አግብተሽ ካልተፋታሽ ለሱ አትመለሺም” አላት። ማታ አነጋገሯን ለወጥ አድርጋ ብትጠይቀው “እንደ አንድ ይቆጠራል፣ ኢዳሽ ሳያልቅ ሊመልስሽ ይችላል” አይላት መሰላችሁ! ሁለቱንም በሙሉ ልብ ነው የነገራት።

እኔ 12ኛ ክፍል የጨረስኩ እንጂ ዓሊም አይደለሁም። ጠይቄ እንደተረዳሁት ግን መሣሪያው ሁለቱንም ከሜዳ አላመጣቸውም። አብዛኞቹ የአራቱ መዝሀብ ሊቃውንት ባንዴ የተባለን ሦስት እንደ ሦስት ይቆጥሩታል። ኢብን ተይሚያ አንድ ነው ብለዋል፤ ግብፅም በ1929 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ይህንኑ ተቀብላለች። ኢዳውንም ቢሆን ሐነፊው በወር አበባ፣ ሻፊዒው በንጽሕና ጊዜ ነው የሚቆጥረው። ማሽኑ የማንን እንደያዘ ትንፍሽ አላለም።

ቴክኖሎጂውን ለመኮነን አይደለም። ባልየው ያለበት ዱባይ ራሷ በ2019 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጥበብ ፈትዋ የሚሰጥ አገልግሎት ጀምራለች። የሶላት ጥያቄ ሌላ፣ ትዳር ሌላ!

እኔው እየገፋፋሁ ሰፈራችን ያሉ ሽማግሌ ሼኽ ዘንድ ወሰድኳት። መልስ የሚሰጡ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ጥያቄ በጥያቄ አደረጓት። “ልጄ፣ በየትኛው ቋንቋ ነው ያለሽ? ቃሉስ ምን ነበር? የሚናገረውን እስካያውቅ ድረስ ነው የተቆጣው? ከዚህ በፊት ፈትቶሽ ያውቃል? ሦስቴ ያለው ሦስት ፈልጎ ነው ወይስ አንዱን ለማጠንከር?” ወዳጄ መጨረሻው ላይ ዝም አለች። ስልኳ ከነዚህ አንዱንም አልጠየቃትም ነበር።

“በልቡ ያሰበውን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ደውዪና አገናኚኝ” አሏት። ባልየው አርብ ከጁምዓ በኋላ ሊያናግራቸው ተቀጥሯል። እስከዚያው እሷ ስልኳን ስለዚህ ጉዳይ ላለመጠየቅ ቃል ገብታልኛለች፤ ሌሊት ሌሊት መፈተኗ ግን አልቀረም።