«እኔ ምን አውቄ» ይቅር

በስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ የምንሰማው አነጋገር አለ። «እኔ ምን አውቄ፤ ድፍረት አይሁንብኝና...» ይባላል። «አላዋቂ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝና...» የሚልም አለ። ተናጋሪው ሐሳቡን ሳይናገር ይቅርታ ይጠይቃል። ጥፋቱ ምንድን ነው? ምንም ጥፋት የለበትም።

ሽማግሌን ማክበር፣ ተራን መጠበቅ፣ «ንግግርዎን በማር ላቋርጥ» ማለት የጨዋ ወግ ነው። ይህ ወግ አይቅር። ራስን ማዋረድ ግን ጨዋነት አይደለም። ሰሚው ሐሳቡን ሳይሰማ እንዲንቀው ያደርጋል።

እስቲ የማሽላን ነገር እንመልከት።

በግራና፣ በመርሳና በቆቦ ቆላ ማሽላ የሚዘራ ሰው አቀንጭራን ያውቃል። አቀንጭራ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ምግቡንና ውሃውን ይመጣል። አበባው ያምራል፤ ማሽላው ግን ይጠወልጋል። ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ የአገራችን ሰው ናቸው። ተወልደው ያደጉት በገጠር፣ በሣር ቤት ነው። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት አገኙ። ጎቢዬና አብሽር የሚባሉት ዝርያዎች አቀንጭራን ይቋቋማሉ። ቶሎም ይደርሳሉ። ዝናብ ሲያጥር ይጠቅማሉ። ነገር ግን አገዳቸው አጭር ነው።

አገዳ ለገበሬ ቀላል ነገር አይደለም። መኖ ነው፤ ማገዶ ነው፤ ለቤትና ለአጥርም ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ገበሬ እንደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ያሉትን ረጃጅም የአገር ማሽላዎች አልተወም። ፍሬውን ብቻ የሚመዝን ሰው የአገዳውን ዋጋ ይረሳዋል። ይህን የሚያስታውሰው በሬ የሚቀልበው ገበሬ ነው።

እንግዲህ ባለሙያ መጥቶ «ይህ ዘር እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ገበሬው «እኔ ምን አውቄ፤ እናንተ ያላችሁት ይሁን» ቢል ምን ይሆናል? ባለሙያው «ተስማምቷል» ብሎ ይጽፋል። በዓመቱ ያው ዘር ይመጣል። ገበሬውም ቤቱ ገብቶ ያማርራል። ቤት ውስጥ የቀረ ሐሳብ ዘር አያሻሽልም።

በሀብሩ ወረዳ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 የግራናን ስም የያዘ «ግራና አንድ» የተባለ የማሽላ ዝርያ ከዚያ ወጥቷል። ተመራማሪዎች ዝርያዎችን በገበሬ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ዘርተው «የትኛውን ትመርጣለህ? ለምን?» እያሉ የሚጠይቁበት አሠራርም አለ። ይህ ጥያቄ ፈተና አይደለም። መልሱ ያለው ከገበሬው ዘንድ ስለሆነ ነው።

እህቶቻችንም አሉ። የትኛው ዱቄት ውሃ እንደሚያነሳ፣ የትኛው እንጀራ ሲያድር እንደሚደርቅ የምታውቀው ጋጋሪዋ ናት። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ብዙ እውቀት ጓዳ ውስጥ አስቀርቷል።

ታዲያ እንዴት እንናገር? መጀመሪያ ያያችሁትን ተናገሩ። ቀጥሎ ምክንያቱን ስጡ። በመጨረሻም የምትፈልጉትን ግለጹ። እንዲህ፦

«ይህን ማሽላ አቀንጭራ አልነካውም፤ ቶሎም ደርሷል። አገዳው ግን ለሁለት በሬ መኖ አልበቃኝም። አገዳው ረዘም ያለ ዘር እፈልጋለሁ።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ይቅርታ የለም። ስድብም የለም። የማታውቁትን ሲጠይቋችሁ «ይህን አላውቅም» በሉ። ሌላው ሰው የተሻለ ምክንያት ካመጣ ተቀበሉት። ይቅርታ ለጥፋት ነው፤ ሐሳብ ማቅረብ ጥፋት አይደለም።

አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። ከስብሰባ በፊት ሐሳባችሁን በደብተራችሁ ላይ በሁለት መስመር ጻፉት። ልብ ቢርድ፣ አፍ ቢተሳሰር ጽሑፉ ያስታውሳችኋል።

አባቶች «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። ዛሬ ደጃዝማችነት የለም። ካለመናገር የሚቀረው ግን ብዙ ነው፤ ዘር ይቀራል፣ መኖ ይቀራል፣ ውሃ ይቀራል።

መወያያ፦ ባለፈው ስብሰባ ላይ በልባችሁ ይዛችሁ የተመለሳችሁት ሐሳብ ምን ነበር? በደብተራችሁ ጻፉት። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥታችሁ አንብቡት።