ከተከላ በፊት ጥበቃ፦ ሀገር በቀል ዕፅዋትና የመሬት ማገገም

ተዳፋት መሬት የዕፅዋት ሽፋኑን ሲያጣ የክረምቱን ዝናብ ወደ ውስጥ ማስረግ ያቅተዋል። ጎርፉ ለም አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል፤ ቦረቦር ይሰፋል፤ በጋ ሲመጣ ምንጩ ይነጥፋል። በሀገራችን ለዚህ ችግር ቀድሞ የሚታሰበው መፍትሔ ችግኝ ተከላ ነው። ይሁንና በብዙ ቦታ ሥሩና ዘሩ ከአፈር ውስጥ አልጠፋም፤ የሚያስፈልገው ፋታ ነው።

ፋታ ከሚሰጡት ዘዴዎች ቀዳሚው መሬትን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ መከለል ነው። በትግራይ ልቅ ግጦሽ የቆመባቸው ተራሮች መጀመሪያ ሣር፣ ቀጥሎ እንደ ክትክታ ያሉ ቁጥቋጦዎች፣ ውሎ አድሮም ወይራና ግራር አብቅለዋል። ገበሬው ሣሩን በማጭድ አጭዶ ለከብቶቹ ይወስዳል። ክልሉ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፍ የፖሊሲ ሽልማት አግኝቷል።

በወላይታ ሁምቦ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት በአብዛኛው ከጉቶ አገግሟል። ከአንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ይወጣል፤ ጠንካሮቹ ተመርጠው ይቀራሉ፣ ሌሎቹ ይመለመላሉ። ሥሩ ቀድሞ መሬት ውስጥ የሰደደ በመሆኑ ዛፉ ቶሎ ያድጋል። ደኑን የሚያስተዳድሩት የአካባቢው ሰዎች ያቋቋሟቸው ሰባት ማኅበራት ናቸው።

ጥበቃው ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። የመንዝ ሰዎች የጓሳን የሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጋራ አስተዳደር ሥርዓት ጠብቀዋል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ጓሳ ተጎዳ፤ ኋላ ኅብረተሰቡ አዲስ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መለሰ። በደቡብ ጎንደርም የጥንቱ ደን ቅሪት የሚገኘው በአብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው፤ ምእመናን ከየማሳው በለቀሙት ድንጋይ ዙሪያውን እያጠሩ ከከብት ይጠብቁታል።

እነዚህ ሁሉ የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፦ የጠበቀው ሰው ተጠቃሚ ነው፣ ደንቡንም የሚያወጣው እሱ ነው። ስለዚህ በየክረምቱ ስንት ችግኝ እንደተተከለ ከመቁጠር በፊት፣ የቆመውን ደንና ያለውን ጉቶ ማን እንደሚጠብቀው፣ ሣሩንም ማን እንደሚያጭደው መወሰን ይገባል።