“ላኪ” የላከው መዘዝ

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ኃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ እኔ ለዘመድ ጥየቃ ቡሬ ገጠር ነበርኩ። አጎቴ በርበሬ አስጥተዋል። ከሁለት ቀን በኋላ ወሬውን ከሬዲዮ ሰምተው ጠየቁኝ።

“አመዱ ሕንድ ድረስ ሄዶ አውሮፕላን አስቀረ የሚሉት እውነት ነው?”

“እውነት ነው። የመንና ኦማንን አልፎ ነው የሄደው” አልኳቸው።

“ታዲያ ለእኛ ምን አገባን? አፋር ወዲያ፣ ጎጃም ወዲህ!” ብለው በርበሬያቸውን መገልበጥ ቀጠሉ።

ያን ዕለት መልስ አላገኘሁላቸውም። ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ሳነብ ግን ከአፋርም የራቀ እሳት እዚሁ ሰማያችን ላይ ጣጣ እንዳመጣ ተረዳሁ።

ነገሩ የሆነው በሰኔ 1775 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ 1783) አይስላንድ በምትባለው የሰሜን ደሴት ነው። የእሳተ ገሞራው ስም “ላኪ” ይባላል። በእኛ ቋንቋ ሲሰማ ግብሩን የሚናገር ይመስላል። ምድር 27 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቃ ስምንት ወር እሳት ተፋች። ሕዝቡን ይበልጥ የጎዳው ግን የቀለጠው አለት ሳይሆን አብሮት የወጣው ጋዝ ነው። ሣሩ ተመረዘ፤ ከብቱና በጉ አለቀ፤ ረሀብ ተከተለ። ከደሴቲቱ ነዋሪ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ሞተ።

በዚያው ዓመት ግብፅ ውስጥ ዓባይ እንደ ወትሮው ሳይሞላ ቀረ። በቀጣዩም ዓመት እንዲሁ። በወቅቱ ግብፅ የነበረው ፈረንሳዊ ተጓዥ ቮልኔ፣ ከሕዝቡ ስድስተኛው እጅ በሞትና በስደት እንደጠፋ ጽፏል።

አይስላንድና ዓባይን ምን አገናኛቸው? ከላኪ የወጣው 120 ሚሊዮን ቶን የሚገመት የድኝ ጋዝ ሰማይ ላይ እንደ ስስ መጋረጃ ተዘርግቶ የፀሐይን ሙቀት መለሰ። የእኛን ክረምት የሚያመጣው ደግሞ የብሱ ከባሕሩ ይልቅ መሞቁ ነው፤ የሞቀ ምድር እርጥብ ነፋስ ይስባል። ምድሩ ሲቀዘቅዝ ሳቢው ይደክማል፣ ዝናቡም ይሳሳል። የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ይህንን በኮምፒውተር አስልተው በ2006 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል።

ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው። ከሰከላ ግሽ ዓባይ የሚነሳው ምንጭም፣ ከፍኖተ ሰላም አቅራቢያ የሚወርደው ብር ወንዝም እዚያው ድምር ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ያኔ የግብፅ ገበሬ የተራበው ወንዙን የዘጋበት ሰው ኖሮ አይደለም፤ የላይኛው አገር ዝናብ ስለከዳው ነው። ዝናብ ሲከዳ ደግሞ የላይኛውም ገበሬ አይተርፍም።

ኃይሊ ጉቢ ለዚህ አይበቃም፤ ፍንዳታው አጭር፣ ጋዙም ከላኪ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ሌላ ጊዜ ቡሬ ስሄድ ታሪኩን ለአጎቴ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ፣ “እና ያኔ ለገበሬው ማን ነገረው?” አሉ።

ማንም። ዛሬ ግን ሳተላይት እንዲህ ያለውን ጋዝ በሰዓታት ውስጥ ያያል፤ ክረምቱ ሊሳሳ እንደሚችልም አስቀድሞ መገመት ይቻላል። የቀረው ሥራ ግምቱ አዳራሽ ውስጥ ሳይቀር፣ ዘር ሳይዘራና የጎተራው እህል ሳይሸጥ አጎቴ ደጅ መድረሱ ነው።