በሞተር ብስክሌት ሩቅ መንገድ ከመውጣት በፊት

ወጣትነትና መንገድ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ለወራት ከአንድ ወንበር ሳይነሣ መዝገብ ሲያገላብጥ የሚውል ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ወይም ፈተናውን ጨርሶ የዕረፍት ቀኖቹን የሚቆጥር ተማሪ፣ በመስኮት አሻግሮ የሩቁን ተራራ ባየ ጊዜ ልቡ ተነሥቶ ቢሄድ የሚያስደንቅ አይደለም። በተለይም ሞተር ብስክሌት ያለው የሆነ እንደሆነ፣ ነገሩ ከምኞት ወደ ውሳኔ ለመድረስ አንድ ሌሊት እንኳ አይፈጅበትም። እኛም ከነዚሁ ወጣቶች መካከል ነበርን።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልናወሳው ያሰብነው ግን ስለ ጉዞው ደስታ ሳይሆን ከጉዞው በፊት ስላለው ዝግጅት ነው። ብዙዎቻችን ዝግጅት ሲባል ዕቃ መግዛትና ዕቃ ማብዛት ይመስለናል። እኛ ዋጋ ከፍለን እንደተማርነው ከሆነ ግን፣ ዝግጅት ማለት በመንገድ ላይ ሊደርስ የሚችለውን ችግር ገና ከቤት ሳይወጡ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው በአጠገብ ሳለ አስቀድሞ መገናኘት ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችንን ጨርሰን ሥራ በያዝን በመጀመሪያው ዓመት፣ ከአንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኛችን ጋር ሆነን ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ያለውን 525 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በየሞተር ብስክሌታችን ለመሄድ ተስማማን። ሐሳቡ የመጣው ሐሙስ ማታ ነው፤ የተነሣነው ቅዳሜ ጧት ነው። በመካከል ያለችውን አንዲት ቀን ያሳለፍናት ዕቃ በመሰብሰብ ነበር። ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ የክት ልብስ፣ መጽሐፍ ሳይቀር በገመድ ጠፍረን ከኋላ አሰርን። የጎማውን ነፋስ ግን የለካ አልነበረም።

ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ተነሥተን ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን አልፈን አዳማ ደረስን። እዚያም ምሳ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ከወዳጆች ጋር ስንጫወት ጊዜው ሄደ። መተሐራን እንዳለፍን፣ ፀሐዩ አስፋልቱን እንደ ምጣድ ባጋለው ሰዓት፣ የጓደኛችን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ሁለታችንም ጎማ ፈትተን አናውቅም፤ መፍቻም አልያዝንም። ጎማ ጠጋኝ ከአዋሽ ከተማ ተጠርቶ መጥቶ ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ ፀሐይ ጠለቀች።

አእምሮ ያለው ሰው በዚያች ሌሊት አዋሽ ላይ ያድር ነበር። እኛ ግን የባከነውን ጊዜ እንመልሳለን ብለን ጉዞአችንን ወደ አሰበ ተፈሪ ቀጠልን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ከአዋሽ ብዙም ሳንርቅ አንዲት ግመል ከጨለማው ውስጥ ወጥታ በመንገዱ ላይ ቆመች። ጓደኛችን ከእርሷ ለመሸሽ ሲል ወደቀ፤ የትከሻው አጥንትም ተሰበረ።

ከከባድ መኪናቸው ወርደው ያነሡን በዕድሜ የገፉ አንድ ሾፌር ነበሩ። ቁስለኛውን ከጎናቸው አስቀምጠው መንዳት ከጀመሩ በኋላ፣ «ልጄ፣ እኔ በዚህ መንገድ ብዙ ዘመን ተመላልሻለሁ፤ ከመሸ በኋላ መንገዱ የከብትና የግመል ነው። አንተ እንግዳ ነህ፤ እንግዳ ደግሞ በጊዜ ይገባል» አሉን። የምንመልሰው ቃል አልነበረንም።

ሐኪም ቤት ስንደርስ የተጠየቅነው ጥያቄ ከስብራቱ ይልቅ አሳፈረን። የታማሚው የቅርብ ዘመድ ማን ነው? ስልኩስ ስንት ነው? የጓደኛችን ስልክ ከእርሱ ጋር ወድቆ ተሰባብሯል። እርሱ በሕመሙ ብዛት የሚናገረውን አያውቅም። እኛም የእናቱን ስልክ ቁጥር በቃላችን አልያዝንም፤ በወረቀትም አልጻፍንም። እናቲቱ ልጃቸው የት እንደ ደረሰ የሰሙት በማግሥቱ ቀትር ላይ ነው።

ጓደኛችን ሦስት ወር ክንዱን በአንገቱ አንጠልጥሎ ከረመ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ተማሪዎችን እያስጠና በሚያገኘው ገንዘብ የታናሽ እህቱን የትምህርት ቤት ክፍያ ይከፍል ነበርና፣ ያ ገቢ በመቋረጡ ልጅቱ ትምህርቷን ልታቆም ጥቂት ነበር የቀራት። አንድ ያልተለካ ጎማ የስንቱን ቤት በር እንደሚያንኳኳ ያየነው ያን ጊዜ ነው። እናቲቱን ይቅርታ ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ፣ «መሄዳችሁን አልነቅፍም፤ አባቱም መንገደኛ ነበር። ግን አባቱ የት እንደሚያድር ሳይነግረኝ ከቤት ወጥቶ አያውቅም» አሉን። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ዝግጅት ብዙ ብናነብም ከዚህ የበለጠ ምክር አላገኘንም።

ካነበብነው ውስጥ ግን አንዱ ታሪክ ለአንባቢያን የሚጠቅም ስለ ሆነ በአጭሩ እንጠቅሰዋለን። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ ቴሬዛ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሴቶች፣ 600 ሲሲ ጉልበት ባለው ፓንተር በተባለ ሞተር ብስክሌት፣ ከጎኑ ተቀጥላ መቀመጫ፣ ከኋላው ደግሞ ተጎታች አስረው ከለንደን ተነሡ። የሰሐራን በረሃ አቋርጠው በ1935 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ገቡ። የአቅጣጫ መጠቆሚያ ኮምፓስ እንኳ አልያዙም ነበር። ታዲያ ምን ይዘው ነበር? ዋላክ የምሕንድስና ትምህርት የተማረች ስትሆን ሞተሩን እንደ እጇ መዳፍ ታውቀው ነበር። ሞተሩ በበረሃው ውስጥ በተበላሸ ጊዜም አጋዴዝ በተባለችው ከተማ ተፈታትቶ እንደገና ተገጣጠመና ጉዞው ቀጠለ። ከዚህ የምንረዳው፣ ከሻንጣ ሁሉ የሚቀለውና በመንገድ ላይ የማይጠፋው ስንቅ ዕውቀት መሆኑን ነው።

እንግዲህ ጓደኛችን ድኖ፣ ያንኑ መንገድ እንደገና ለመሞከር በተነሣን ጊዜ ያደረግነውን በየተራው እናቅርብ።

በመጀመሪያ ስለ ሞተር ብስክሌቱ ነው። ዝግጅቱን የጀመርነው ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለን ነው። ከአንድ መካኒክ ዘንድ ሄደን፣ «ሥራልን» ሳይሆን «አሳየን» አልነው። የኋላውን ጎማ በገዛ እጃችን ፈትተን፣ የውስጡን ላስቲክ አውጥተን መልሰን ገጠምን። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰዓት ፈጀብን፤ በሦስተኛው ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ጨረስነው። የሞተር ዘይቱን ለወጥን፤ የፍሬኑን ሸራ አየን፤ የሰንሰለቱም ልልነት በመካከሉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን አስተካከልን። የጎማ ነፋስ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ጧት ነው፤ መጠኑም ጭነት ሲኖር እንደሚጨምር ከሞተር ብስክሌቱ ጋር የሚሰጠው መጽሐፍ ይናገራል።

ስለ ከፍታም ማወቅ ይገባል። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ካርቡሬተር ያለው ሞተርም ከባሕር ጠረፍ ይልቅ እዚህ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ካርቡሬተሩ ለዚህ ስስ አየር ተብሎ ነዳጁ ተቀንሶለት ከሆነ ደግሞ፣ 1000 ሜትር ገደማ ወደ ሆነው ወደ አዋሽ ቆላ ሲወርድ አየሩ ይወፍርና ነዳጁ ያንሰዋል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ መንገዱ ቆላና ደጋ መሆኑን ለመካኒኩ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። በረጅም ቁልቁለት ላይም ፍሬን ብቻ እየያዙ መውረድ ፍሬኑን ስለሚያግለው፣ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ ይበጃል።

ሁለተኛው ስለ ጭነት ነው። ልንይዝ ያሰብነውን ሁሉ በአልጋ ላይ ዘርግተን ካየን በኋላ ግማሹን ወደ ቁም ሣጥን መለስነው። ድስቱ ቀረ፤ የክት ልብሱም ቀረ። የያዝነው ትርፍ የውስጥ ላስቲክ፣ መለጠፊያ፣ የእጅ ነፋስ መሙያ፣ የጎማ መፍቻ፣ ካንዴላ፣ ፊውዝ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የሰንሰለት መጋጠሚያ፣ ፒንሳ፣ ጥቂት ሽቦና የእጅ ባትሪ ነው። ከባዱ ዕቃ ወደ ታችና ወደ መካከል፣ ቀላሉ ወደ ላይ ይደረጋል፤ ከኋላ ከፍ ብሎ የታሰረ ጭነት የፊቱን ጎማ ስለሚያቀለው መሪውን ያወዛውዛል። ጭነቱ ሁሉ ከታሰረ በኋላ እስከ ቢሾፍቱ ደርሰን ተመለስን። በዚያች አጭር ጉዞ ሁለት ገመድ ላልቶ፣ አንድ ብሎን ረግፎ ተገኘ። ያ ብሎን የረገፈው በአሰበ ተፈሪ ዳገት ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?

ሦስተኛው ስለ ነጂው ነው። የራስ ቁር፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማና ወፍራም ጃኬት ለጌጥ የሚለበሱ አይደሉም። በቆላው ሙቀት ጃኬት ማውለቅ ያሰኛል፤ ነገር ግን ደረቁ ነፋስ ሳይታወቅ የሰውነትን ውሃ ያደርቃልና፣ ጃኬቱን እንደ ለበሱ ውሃ ደጋግሞ መጠጣት ይሻላል። በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ወርዶ እግርን ማፍታታትም ዓይንን ያነቃል። ነዳጅን በሚመለከት፣ ታንከሩ ያስኬዳል ከሚባለው ርቀት ሁለት ሦስተኛውን ብቻ መቁጠርና ግማሽ ሲደርስ መሙላት ከጭንቀት ያድናል።

አራተኛው ስለ ወረቀትና ስለ ወሬ ነው። መንጃ ፈቃዱ ለሞተር ብስክሌት የተሰጠ መሆኑን፣ የባለቤትነት ደብተሩና የሦስተኛ ወገን መድኑ ጊዜ ያላለፈባቸው መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ላይ ገደብ መደረጉ የሚታወስ ስለሆነ፣ ከከተማው መውጫና መግቢያ ፈቃዱን አስቀድሞ መጠየቅ አስፈላጊ ነው። ስለ መንገዱ ሁኔታም በተነሡበት ሳምንት፣ ከዚያም በየከተማው መጠየቅ ይገባል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተደጋግሞ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መንገድ እስከ መሰንጠቅ ደርሶ ነበር። የጸጥታው ነገር ደግሞ ከመሬቱም ይልቅ ፈጥኖ ይለዋወጣል። «መንገዱ ዛሬ ጥሩ አይደለም» የተባለ መንገደኛ ሳያፍር ይመለስ፤ መመለስም የዝግጅት ክፍል ነው።

በመጨረሻም ያቺን ያሳፈረችንን ጥያቄ አልዘነጋናትም። በአንዲት ካርድ ላይ ስማችንን፣ የደማችንን ዓይነትና የሁለት ዘመዶቻችንን ስልክ ቁጥር ጽፈን በላስቲክ ከጠቀለልን በኋላ በደረት ኪሳችን ያዝን። ሌላ ወረቀት ደግሞ ለጓደኛችን እናት ሰጠን፤ በዚያ ላይ በየትኛው ሌሊት የት እንደምናድር ተጽፎ ነበር።

ከጧቱ 12 ሰዓት ተነሥተን የመጀመሪያውን ሌሊት አዋሽ አደርን። የሄድነው 225 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። በማግሥቱ ወደ ጂቡቲ የሚሄዱት ከባድ መኪናዎች በመገንጠያው ተለዩንና በሚኤሶ አድርገን የጨርጨርን ተራሮች መውጣት ጀመርን። ጎማ በዚህኛውም ጉዞ አልቀረልንም፤ ከሂርና በፊት የኛው ጎማ ተነፈሰ። ጓደኛችን ምንም ሳይናገር ወርዶ መፍቻውን አወጣ፤ ሁለታችን ተረዳድተን በ40 ደቂቃ ጨረስነው። አንድ እረኛ ልጅ ቆሞ ሲያየን ቆየና ሥራው ሲያልቅ፣ «አለቀ እንዴ?» አለ፤ የበለጠ የሚታይ ነገር የጠበቀ ይመስላል። ከቁልቢ ወዲያ ጫት ጭነው እንደ ጥይት የሚበሩትን መኪናዎች ዳር ይዘን እያሳለፍን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የሐረርን ግንብ አየን። ጓደኛችን የራስ ቁሩን እንዳወለቀ መጀመሪያ ያደረገው ወደ እናቱ ስልክ መደወል ነበር።

ውድ አንባቢያን! አገራችን በመጽሐፍ ብቻ የምትታወቅ አይደለችም፤ ነገ ስለ ሕዝቡ ደብዳቤ የሚጽፍ ወጣት ዛሬ ሕዝቡ የሚኖርበትን ቆላና ደጋ በዓይኑ ቢያይ ይበጀዋል። ስለዚህ አትሂዱ አንልም። ነገር ግን መጥኖ መደቆስ ድስት ከመጣዱ በፊት ነው። ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት ጎማውን ለኩ፤ ከበር ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የት እንደምታድሩ ለሚጠብቃችሁ ሰው ንገሩ።