አዲስ አሠልጣኝ በገባ ሰሞን

በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የዋና አሠልጣኝ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በማርችና በኤፕሪል ነው። የውድድር ዘመኑ በኖቬምበር መጀመሪያ ተከፍቶ በኤፕሪል መጀመሪያ ይዘጋል። ቡድኑ ከብሔራዊው የጥሎ ማለፍ ውድድር እንደወጣ ነባሩ አሠልጣኝ ይሰናበታል፣ ወይም የተሻለ ውል አግኝቶ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይሻገራል፤ ተተኪውም በቀናት ውስጥ ይሾማል። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ገደማ ጨዋታ የለም። ስለዚህ ደጋፊው ስለ አዲሱ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ ፍርድ ሜዳ ላይ ካየው ነገር የመነጨ ሊሆን አይችልም። መነሻው የሰውየው ስም ነው፣ የመጣበት ቦታ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቀደመው አሠልጣኝ ጥሎት የሄደው ስሜት ነው። እንዲህ ያለውን ዜና መዘገብ የዕለት እንጀራው የሆነ የስፖርት ጋዜጠኛ ይህን አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ የመጀመሪያው ሳምንት ድምፅ ስለ መጪው ከሚናገረው ይልቅ ስለ ሂያጁና ስለ ደጋፊው ራሱ የሚናገረው ይበልጣል።

ስሜቱ ይህን ያህል የሚግለው አሠልጣኙ በኮሌጅ ስፖርት ውስጥ ካለው ቦታ የተነሣ ነው። በኤንቢኤ አንድ ኮከብ ተጫዋች አሥር ዓመት በአንድ ከተማ ሊቆይ ይችላል፤ በኮሌጅ ግን ተጫዋች ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይመረቃል፣ እጅግ ጎበዙም በአንድ ዓመት ወደ ኤንቢኤ ይሄዳል። የሚቀረው አሠልጣኙ ነው። ተጫዋች የሚመለምለው፣ በወላጆች ሳሎን ተቀምጦ ልጃችሁን ስጡኝ የሚለው፣ ገንዘብ ከሚያዋጡ ባለሀብት ደጋፊዎች ጋር የሚመክረው እሱ ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ከመንግሥት ተቋማት ሠራተኞች ሁሉ ከፍተኛውን ደመወዝ የሚያገኘው የኮሌጅ ስፖርት አሠልጣኝ መሆኑም የዚህ ቦታ ምስክር ነው። ደጋፊው ደግሞ በአብዛኛው እዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማረ ወይም ወላጆቹ የተማሩበት፣ አለዚያም ሌላ ትልቅ ቡድን በሌለበት ግዛት ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። አሠልጣኝ ሲሾም የቤተሰቡ ጉዳይ የተወሰነ ያህል ይሰማዋል።

ለዚህ ከኬንታኪ የተሻለ ማሳያ የለም። ግዛቱ የኤንቢኤ ቡድን የለውም፤ በሌክሲንግተን ከተማ የሚገኘው የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ግን 8 ብሔራዊ ዋንጫዎች አሉት። አራቱን ያመጣው ከ1930 እስከ 1972 ያሠለጠነው አዶልፍ ሩፕ ሲሆን፣ ቡድኑ የሚጫወትበት ሩፕ አሬናም በስሙ ይጠራል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም። ቱቢ ስሚዝ፣ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ጥቁር የወንዶች ቅርጫት ኳስ ዋና አሠልጣኝ፣ በ1998 ገና በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ ዋንጫ አነሣ፤ በአሥር ዓመትም 263 ጨዋታ አሸንፎ 83 ብቻ ተሸነፈ። ያም ሆኖ ሁለተኛውን ዋንጫ አላመጣህም ሲባል ኖሮ በ2007 ወደ ሚኔሶታ ሄደ። እሱን የተካው ቢሊ ጊሊስፒ ግን 40 አሸንፎ 27 ተሸንፎ በሁለት ዓመት ተሰናበተ።

በ2009 የመጣው ጆን ካሊፓሪ ነው። 15 ዓመት ቆየ፤ በ2012 ዋንጫ አመጣ፣ ቡድኑን አራት ጊዜ ለመጨረሻዎቹ አራት አበቃ፣ በ2015 ደግሞ 38 ጨዋታ በተከታታይ ካሸነፈ በኋላ በግማሽ ፍጻሜው በዊስኮንሲን ተረታ። የኋላ ዓመታቱ ግን መራር ነበሩ። በ2021 የተጠናቀቀው የውድድር ዘመን 9 አሸንፎ 16 የተሸነፈበት ነው። በ2022 በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ጨዋታ ሴንት ፒተርስ የተባለ ትንሽ ኮሌጅ፣ በ2024 ደግሞ ከሚሺገን የመጣው ኦክላንድ 80 ለ76 አሸንፈው አሰናበቱት። ዩኒቨርሲቲው እንዳያሰናብተው ውሉ ከ33 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ያስከፍለው ነበር። በኤፕሪል 2024 አሠልጣኙ ራሱ ወደ አርካንሳስ ሲሄድ ብዙ ደጋፊ እፎይ አለ፤ በዚያው ቅጽበትም ቀጣዩ ሰው ማን መሆን እንዳለበት በየቤቱ ወሰነ።

የተወሰነው ስም ትልቅ ነበር። የኮኔቲከቱ ዳን ኸርሊ በዚያው ወር ሁለተኛ ተከታታይ ዋንጫውን አንሥቶ ነበር፤ የቤይለሩ ስኮት ድሩ የ2021 ሻምፒዮን ነው። ሁለቱም ባሉበት እንደሚቆዩ አሳወቁ። የስፖርት ዳይሬክተሩ ሚች ባርንሃርት የመረጠው ማርክ ፖፕን ሆነ፤ በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት የሠራ፣ በዋና አሠልጣኝነቱ በብሔራዊው ጥሎ ማለፍ አንድም ጨዋታ ያላሸነፈ ሰው ነበር። ዜናው በተሰማበት ምሽት የደጋፊው ቁጣ ከባድ ነበር። ቁጣው ግን በፖፕ ሥራ ላይ ያነጣጠረ አልነበረም፤ አብዛኛው ደጋፊ የብሪገም ያንግን ጨዋታ ተቀምጦ አይቶ አያውቅም። ያስቆጣው እምቢ መባሉ ነው። ኬንታኪ ከፈለገ ማንም ሰው ይመጣል የሚለው እምነት በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ ፖፕም የዚያ ስብራት ምልክት ሆኖ ታየ።

ከዚያ የሆነው በቅርበት መታየት አለበት። ፖፕ በ1996 በአሠልጣኝ ሪክ ፒቲኖ ሥር ዋንጫ ያነሣው የኬንታኪ ቡድን አምበል ነበር። የቀድሞ ጓዶቹ ተነሥተው መሰከሩለት፤ ፒቲኖም በይፋ ደገፈው። ሹመቱ በታወጀ በሁለተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 14፣ ከ20 ሺህ ሰው በላይ የሚይዘው ሩፕ አሬና ለመግለጫ ብቻ ሞላ። ፖፕ ከ1990ዎቹ ተጫዋቾች ጋር ገባ፤ የተሰጠው ኃላፊነት ዋንጫ ማምጣት መሆኑን እንደሚያውቅ በግልጽ ተናገረ። ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የተበሳጨ ሰው አዳራሹ ውስጥ ዕንባውን ሲጠርግ ታየ።

በእነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ የሰውየው የሥራ ታሪክ አንድ መስመር አልተጨመረበትም። አንድም ተጫዋች አላስፈረመም፤ እንዲያውም ከነባሮቹ ዋና ተጫዋቾች የሚቀር ስላልነበረ ቡድኑ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። የተለወጠው ደጋፊው የሚያይበት ማዕዘን ነው። ሌሎች እምቢ ካሉ በኋላ የተገኘ ሰው መሆኑ ቀርቶ የቤት ልጅ ሆነ። ካሊፓሪ በየዓመቱ ለኤንቢኤ የሚያዘጋጃቸው ወጣቶች ኬንታኪን እንደ መሸጋገሪያ ያዩታል የሚል ቅሬታ ለዓመታት ተከማችቶ ነበርና፣ የማልያውን ክብር የሚያውቅ ሰው መምጣቱ ያንን ቅሬታ ዳሰሰው። ቁጣውም ደስታውም እውነተኛ ነበሩ፤ ስለ መጪው የውድድር ዘመን ግን ሁለቱም ምንም የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ይህን ለይቶ መጻፍ ደጋፊውን ማሳነስ አይደለም። ሰው ለሚወደው ነገር ሲል አዳራሽ መሙላቱ ራሱን የቻለ ታላቅ ዜና ነው፤ ትንበያ ተደርጎ ሲጻፍ ነው የሚበላሸው።

የመጀመሪያው ዓመት ውጤት መልካም ሆነ። ፖፕ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች በዝውውር በመጡ ተጫዋቾች አዲስ ቡድን ሠርቶ በኖቬምበር 2024 ዱክን 77 ለ72 አሸነፈ፤ የውድድር ዘመኑን በ24 ድልና በ12 ሽንፈት ጨረሰ፤ ከ2019 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜም ኬንታኪን ለመጨረሻዎቹ 16 አበቃ። በፌብሩዋሪ 2025 ካሊፓሪ አርካንሳስን ይዞ ወደ ሩፕ አሬና ሲመለስ ሕዝቡ ጮኸበት፤ እሱ ግን 89 ለ79 አሸንፎ ሄደ። በዚያ ዓመት አርካንሳስም ለመጨረሻዎቹ 16 ደረሰ። የተፋቱት ሁለት ወገኖች እኩል ቦታ ላይ ተገኙ።

የቤት ልጅነት ዋስትና አለመሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በመኪና ከአንድ ሰዓት ተኩል ያልበለጠ መንገድ ላይ ያለው ሉዊቪል ይበቃል። በ2022 የተሾመው ኬኒ ፔይን የዩኒቨርሲቲው የ1986 ሻምፒዮን ቡድን አባል ነበር፤ አቀባበሉም ሞቅ ያለ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 4 አሸንፎ 28 ተሸነፈ፣ በሁለተኛው 8 አሸንፎ 24 ተሸነፈ፣ ተሰናበተም። በእሱ ቦታ የመጣው ፓት ኬልሲ በሉዊቪል ተጫውቶ የማያውቅ፣ ከቻርልስተን ኮሌጅ የተገኘ ሰው ነው፤ በመጀመሪያው ዓመቱ 27 አሸንፎ 8 ብቻ ተሸነፈ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ደግሞ ጆርጅታውን በ1984 ዋንጫ ያመጣለትን ፓትሪክ ኢዊንግን በ2017 ዋና አሠልጣኝ አድርጎ ሾመ። በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ከእሱ ይበልጥ የተወደደ ተጫዋች የለም ማለት ይቻላል። ከስድስት ዓመት በኋላ በ75 ድልና በ109 ሽንፈት ተለያዩ።

ከሁሉ የከፋው ዕጣ የታላቅ ሰው ወራሽ መሆን ነው። ጆን ውደን በሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤ በ12 ዓመት 10 ዋንጫ አንሥቶ በ1975 ጡረታ ወጣ። ተተኪው ጂን ባርቶው በሁለት ዓመት 52 ጨዋታ አሸንፎ 9 ተሸነፈ፤ በ1976ም ለመጨረሻዎቹ አራት ደረሰ። የዚያን ዓመት የመክፈቻ ጨዋታውንና ግማሽ ፍጻሜውን የተሸነፈው በኢንዲያና ነበር፤ ኢንዲያና ደግሞ ዓመቱን በሙሉ አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈ ቡድን ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ይህ ምክንያት ተብሎ አልተቆጠረለትም። ወቀሳው ስለበዛበት በ1977 ለቅቆ አላባማ ውስጥ በርሚንግሃም ገባና ገና ቡድን ላልነበረው ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከባዶ አቋቋመ። ዩሲኤልኤ ቀጣዩን ዋንጫ ያገኘው በ1995፣ ከአምስት አሠልጣኞች በኋላ በስድስተኛው ነው። ባርቶው ዛሬ ቢሠራ ኖሮ እነዚያ ቁጥሮች የማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ኩራት ይሆኑ ነበር፤ የተመዘነው ግን ማንም ሊደርስበት በማይችል ሚዛን ነው። በደጋፊ ምላሽ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የባሰ ኢፍትሐዊነት ማግኘት ያስቸግራል።

በተቃራኒው በኖርዝ ካሮላይና ግዛት የሆነው አለ። ዲን ስሚዝ በ1961 በ30 ዓመቱ በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሲሾም የመጀመሪያ ዓመቱን በ8 ድልና በ9 ሽንፈት ጨረሰ። በጃንዋሪ 1965 ቡድኑ ከሽንፈት ሲመለስ ተማሪዎች የእሱን ምስል ሠርተው በአደባባይ ሰቅለውት አገኘ፤ ያወረደው ተጫዋቹ ቢሊ ከኒንግሃም ነው። ስሚዝ በ1997 በ879 ድልና በ2 ዋንጫ ጡረታ ሲወጣ የሚጫወቱበት አዳራሽ በስሙ ከተሰየመ ዓመታት አልፈዋል። በጎረቤቱ ዱክ በ1980 የተሾመው ማይክ ሸሸፍስኪ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 38 አሸንፎ 47 ተሸነፈ፤ በ1983 በቨርጂኒያ 109 ለ66 ከተረታ በኋላ ገንዘብ የሚሰጡ ደጋፊዎች እንዲባረር ጠየቁ። የስፖርት ዳይሬክተሩ ቶም በተርስ ግን በቀጣዩ የውድድር ዘመን ውሉን አራዘመለት። በ2022 ሲያበቃ 5 ብሔራዊ ዋንጫ ነበረው። የደጋፊው ጩኸት በሁለቱም ቦታ ከልብ ነበር፤ ውጤቱን የወሰነው ግን ውል የሚፈርመው ሰው ጩኸቱን ሰምቶ ውሳኔውን አለመለወጡ ነው። አሠልጣኝ ሲሾም የአለቃውን ማንነት የሚያጠና ዘገባ ጥቂት መሆኑ የሚያስቆጭ ነው።

ያ ትዕግሥት ዛሬ እየጠበበ ነው፤ ምክንያቱም የሚታወቅ ነው። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች ያለ አንድ ዓመት ዕገዳ ዩኒቨርሲቲ መቀየርና በስማቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው፤ ከጁላይ 2025 ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው በቀጥታ ይከፍላሉ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የተወሰነው ጣሪያም ለስፖርት ክፍሉ በሙሉ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። አዲስ አሠልጣኝ በአንድ የጸደይ ወቅት ሙሉ ቡድን መግዛት ከቻለ፣ ተመልምለው የሚያድጉ ልጆችን አራት ዓመት ጠብቁ የሚለው የቀድሞ ልመና አይሰማለትም። ገንዘቡን የሚያዋጣው ደጋፊ ራሱ ሲሆን ደግሞ ድምፁ የባለ ድርሻ ድምፅ ይሆናል፣ ውጤቱንም በመጀመሪያው ዓመት ይጠይቃል። ይህ ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም፤ የኬልሲና የፖፕ የመጀመሪያ ዓመታት ፈጣን ለውጥ እንደሚቻል አሳይተዋል። የሚያሳስበው፣ እንደ ሸሸፍስኪ በአራተኛው ዓመት የሚያፈራ አሠልጣኝ እስከዚያ የሚቆይበት ቦታ እየጠፋ መሄዱ ነው።

ስለዚህ አሠልጣኝ በተሾመ ሰሞን የሚጻፍ ሁሉ የደጋፊውን ድምፅ ከነቀኑ ይመዝግብ፤ ከጎኑም ቀዳሚው ለምን እንደሄደ፣ ስንት ተጫዋች እንደቀረ፣ ለዝውውር ስንት ገንዘብ እንደተመደበ፣ የሾመው ዳይሬክተርም ከዚህ በፊት አሠልጣኞቹን ስንት ዓመት እንደታገሠ ጠይቆ ያስፍር። ደጋፊም ቁጣውን በሾመው መሥሪያ ቤት ላይ ያሰማ፤ ገና አንድ ልምምድ ያላሠራውን ሰው ግን እስከ ኖቬምበር ይታገሠው።